ግማሽ ኩባያ

የምግብ ቤታችንን ፍሪጅ አራግፌ ዕቃውን ወለሉ ላይ ደርድሬዋለሁ። ቲማቲም፣ ሥጋ፣ ሦስት ፌስታል ጎመን። አይብ የለም። እርጎም የለም።

«ሥጋው ውስጥም ፈልጊ» ትላለች ወጥ ሠሪያችን አምለሰት፣ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም።

«ታዲያ ለአባዬ ማነው የሚሰጠው? ሐኪሙ አሁን ከካምፓላ ደወለልኝ። ደሙ ውስጥ ፎስፈረስ በዝቷል፣ የወተት ተዋጽኦ እያበዛ ነው አለኝ። ኩላሊቱ በዚሁ ከቀጠለ ይሄን ቤት ዘግቶ ካምፓላ እጥበት ማሽን ላይ መኖሩ ነው።»

«እኔ አይደለሁም። ስንቴ ልማልልሽ?»

«ከአንቺ ሌላ ማን እዚህ ያበስላል?»

ቢላዋዋን ታስቀምጣለች። «ጋሼን? እዚህ አገር አምጥቶ ሰው ያደረገኝን?»

«ካልነገርሽኝ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።»

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ክንዱን ያካል። ከሁለት ወር ወዲህ ያሳክከዋል። የጁባ ሙቀት ነው ብዬው ነበር።

«ሄቨንዬ፣ ምን አጠፋች?»

«አንተ ንገረኝ። በድብቅ ምን ትበላለህ?»

«አንቺ የፈቀድሽውን።»

«አባዬ!»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ነይና እይ።»

ከመደርደሪያው ላይ ኩባያውን ያወርዳል። የዛሬ ሁለት ወር ሐኪሙ የሰጠንን የእንግሊዝኛ ወረቀት ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ወተት፣ በቀን ግማሽ ኩባያ። እንዳይሳሳት ብዬ የኩባያው ወገብ ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ መስመር አሰመርኩለት። ሌላውን ሁሉ ከለከልኩት።

ቀጥሎ ጣሳውን ያወርዳል። ከሐምሌው ተኩስ ወዲህ ትኩስ ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ስለቀረች፣ እኛ ቤት ወተት ማለት ዱቄቱ ነው።

ዱቄቱን በማንኪያ እየጨለፈ ኩባያው ውስጥ ይጨምራል። ቀዩ መስመር ላይ ሲደርስ ያቆማል። ጎንበስ ብሎ ያያል። በማንኪያው ጀርባ ይደለድለዋል።

«ይኸው» ይላል። «ይቺን በትልቁ ማንቆርቆሪያ በጥብጬ ጠዋት ግማሹን፣ ማታ ግማሹን። አንድ ቀን ከመስመሩ አላለፍኩም። እሷን ጠይቂያት።»

አምለሰት ሽርጧን እየፈታች ነው።

ሐኪሙ የጻፈው የሚጠጣውን ወተት ነው፣ ዱቄቱን አይደለም። ይሄ ሲበጠበጥ ግማሽ ሊትር ይወጣዋል፣ ከተፈቀደለት አራት እጥፍ። የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። ጣሳውንም ሁልጊዜ ከካስተም ገበያ የምገዛለት እኔ ነኝ።

«አምለሰት፣ ቆዪ» እላለሁ።

አባቴ ፊቴን ያያል። ኩባያውን ያያል።

«በዛ እንዴ?»

በማንኪያው ጫፍ ትንሽ ዱቄት ወደ ጣሳው ይመልሳል። ቀና ብሎ ያየኛል። እንደገና ትንሽ ይመልሳል፣ ደግሞ ያየኛል።