ማንኩሳ ላይ የሚላተሙት ባቡሮች

ፍኖተ ሰላም ባቡር ገብቶባት አያውቅም የሚል ሰው የገብረሰንበትን ቤት አያውቅም። ገበሬው በግብር የተነሣበት ሁከት በበረደ ማግስት፣ በሚስቱ በአልጣሽ ጠላ ቤት ጓዳ ከጅጋ እስከ ቡሬ ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር፤ ርዝመቱ አንድ አልጋ ተኩል።

ገብረሰንበት ዕድሜውን ድሬዳዋ የባቡር መንገድ ሲያቀያይር የፈጀ ሰው ነው። አልጣሽን ገና ከጫጉላዋ ጥሏት ሄዶ፣ የተመለሰላት ጠጉሯ ነጭ ጤፍ ሲመስል ነው፤ ያውም ሁለት ዓይኑ ጠፍቶ። ይዞ የመጣው ጠምዝዘው ሲለቋቸው የሚሮጡ ሁለት የቆርቆሮ ባቡሮችና የአለቃውን ቃል ነበር፦ "ሁለቱን ምላስ በአንዲት ቁልፍ፣ በአንድ ትንፋሽ ያዞርህ ቀን ና። ዓይን ባይኖርህም ጀማሪዎቹን ልጆች ታስተምርልኛለህ።"

ምላስ የሚሏት ባቡሩን ከመንገድ ወደ መንገድ የምታሻግር ብረት ናት። በገብረሰንበት ሐዲድ ማንኩሳ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ዳርና ዳር ያሉት ምላሶች እኩል ካልዞሩ፣ ከጅጋ የመጣውና ከቡሬ የመጣው ግንባር ለግንባር ይገጥማሉ።

ምላሶቹን የሚያዞረውን ሽቦ በጥርሱ እየላጠ፣ በጣቱ እየዳሰሰ ከመኪና ባትሪ ጋር ያገናኘዋል። ጣቱማ የዘለለችን ቁንጫ ወንድ ትሁን ሴት ይለይ ነበር!

"ልልቀቃቸው?" ይላል።

"ይልቀቋቸው" ትላለች አልጣሽ፣ ጣሳዎቿን እያጠበች።

ቁልፉን ይጫናል። ቋ!

"ተላተሙ?"

"ምን ላርግ፣ ተላተሙ።"

በጎናቸው የወደቁትን ባቡሮች አንስቶ ይዳብሳል። አንድ ጭረት የለባቸውም።

"አይ የፈረንጅ ቆርቆሮ!" ይላል። "ተራራ ቢገጭ ተራራው ነው የሚፈርስ።"

ክረምቱ አለፈ፣ በጋው አለፈ። ሽቦ ሲለዋውጥ የከተማው ሽቦ አልቆ፣ ሰው አጥሩን በልጥ አሰረ። ባቡሮቹ ግን ይላተማሉ። ገብረሰንበት እህል ተወ፤ ትከሻው ወደ ውስጥ ገባ።

በመጨረሻ ጥርጣሬው ልብስ ሰፊው ባዬ ላይ አረፈ። ባዬ "ባቡሮቹን ይሽጡልኝ" ብሎ ለምኖ ተከልክሏል። አስጠራው።

"ና፣ እንትፍ በልባቸው!" አለው። በዓይኑ የነካ ሰው ምራቁን ካልተፋበት ነገሩ አይለቅማ።

"አያ ገብረሰንበት፣ እኔን ቡዳ ነው የሚሉኝ?"

"ትፋ! ድሬዳዋን ያስቀረህብኝ አንተ ነህ።"

ባዬ እንትፍ እንትፍ አለባቸው። "በሉ ይልቀቋቸው፤ እኔም በዓይኔ በብረቱ ልያቸው።"

ለቀቃቸው። ቁልፉን ተጫነ። ቋ!

"ተላተሙ?"

 አልጣሽ ዓይኗን ባዬ ላይ ተከለች።

"ባዬ! ተላተሙ ወይ?"

ባዬ ከባቡሮቹ ወደ አልጣሽ ቀና አለ። "ተላተሙ፣ አያ ገብረሰንበት" አለ፤ ድምፁ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ለስልሶ። "ይተዉት። ከቤትዎ አርፈው ይቀመጡ።"

የተቀዳለትን ጠላ ሳይነካው ወጣ።

ገብረሰንበት ግድግዳውን ተደገፈ። "የሱም ዓይን አይደለም" አለ። "እኔው ነኝ የሞትሁ። አንድ ጊዜ ልሞክርና ባትሪውን ወንዝ እጥለዋለሁ። እዚሁ እግርሽ ሥር እንደ ድመት ቁጭ ነው እንግዲህ። ልልቀቃቸው?"

"ይልቀቋቸው።"

ቁልፉን ሲጫን ሁለቱ ምላሶች እኩል ዞሩ፣ ባቡሮቹም ማንኩሳ ላይ እንደ ጨዋ ጎረቤት ጎን ለጎን ተላለፉ፤ አልጣሽ እንደ ወትሮዋ ሁለት ጣሳ ቋ! አጋጨችና፣ ባቡሮቹን አንድ በአንድ ከሐዲዱ አንስታ በጎናቸው አስተኛቻቸው።