ጠይብ በዓይኑ ያየው

ብረት ተራ ውስጥ ጠይብ ከሚባለው ኩሊ ጋር የሚጣላ ሰው አስቀድሞ ጥርሱን ቢሰናበት ይሻለው ነበር። በጃንሆይ ዘመን ነው። ከሰባተኛ ሰፈር እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጭነት የሚያወርድ ኩሊ ሁሉ የሱን ጡጫ ያውቃታል፤ ያልቀመሳት እንኳ የቀመሰ ዘመድ አለው። ጉራው ደሞ ከጡጫው አያንስም። "እኔ ሰባተኛ ቆሜ ድልድዩ ላይ ዝንብ ስታስነጥስ አያለሁ" ይል ነበር። ማን ደፍሮ ውሸት ነው ይለዋል?

አንድ ቀን ከነጠሀ ጋር በቆርቆሮ ጭነት ተጣሉ። ጠሀ የሌላኛው ወገን ኩሊዎች አለቃ ነው። ጠይብ አንዱን በቴስታ ብሎ አፍንጫውን እንደ በሰበሰ ቲማቲም አፈረጠው። ሌላውን ብድግ አርጎ ቆርቆሮው ላይ ወረወረው፤ ሰውየው ሲነሳ ክንዱ እስከ ክርኑ ተተርትሮ ነበር። ጠሀን አንቆ ምላሱን ሲያስወጣው ከኋላ አንድ ፌሮ መጣና ከማጅራቱ ከፍ ብሎ አረፈበት። ጠይብ እንደ ጆንያ ዘፍ አለ።

ከኋላው ቆሞ የነበረው ደሞ የገዛ ጓደኛው ዘይኑዲን ነው። አብሮት የሚሸከም፣ አብሮት የሚበላ፣ የወሎ ልጅ።

ሐኪም ቤት ሲነቃ ፈረንጁ ሐኪም በአስተርጓሚ ጠየቀው።

"ስንት ጣት ነው?"

"ሦስት።"

"አሁንስ?"

"ሁለት። በለው፣ ይሄ ሰውዬ መቁጠር የማልችል መሰለው እንዴ? ጆንያ ስቆጥር ነው ያደግኩት።"

ሐኪሙ አልሳቀም። በፈረንጅኛ ብዙ አወራ። አስተርጓሚው ለጠይብ ምንም ሳይል ሚስቱን ሰዓደትን ወደ ውጪ ጠራት፤ ዘይኑዲንም ተከትሏት ወጣ። ስትመለስ ድምፅዋ ሌላ ሆኗል።

"ምን አለሽ?"

"ምንም። በርታ ነው ያለው።"

"ለኔ ያልነገረውን ለዘይኑዲን ምን አገባው?"

ሰዓደት ጫማውን አቀረበችለት።

ቤት ሲገቡ ዘይኑዲን ክንዱን ያዘው። "ልቀቀኝ" አለ ጠይብ፣ "ሙሽራ ነኝ እንዴ የምትደግፈኝ?" ልጁ ለቀቀው። ጠይብ ሁለቴ ሳይራመድ ከበርጩማ ጋር ተላትሞ ተዘረረ።

"መሃል መንገድ ላይ በርጩማ የሚያስቀምጥ ማነው?"

"ድሮም እዚያው ነው" አለች ሰዓደት ቀስ ብላ።

በርጩማውን አንስቶ ግድግዳው ላይ ሰባበረው። በርጩማ የማይመልስለት ጠላት ነውና።

ከዚያ ወዲያ ከቤት አላስወጣ አሉት። "ገና አልጠናህም" ትላለች ሚስቱ። "ትንሽ ይረፉ ጋሼ" ይላል ዘይኑዲን፣ ማታ ማታ ከስራ ሲመጣ። ፌሮውን ያሳረፈው የጠሀ ሰው ተይዞ አምኗል ብለውም ነገሩት። ጠይብ ግን ሁለቱ ጥግ ይዘው ሲንሾካሾኩ፣ በዓይን ሲጠቃቀሱ ያያል። ሰዓደት ደሞ እሱ ያልገዛላት አዲስ ቢጫ ሻሽ አስራለች።

"ሻሹ ያምርብሻል" አላት አንድ ጠዋት። "ማን ገዛልሽ?"

ሰዓደት ማልቀስ ጀመረች። በደል የሌለባት ሴት በሻሽ ታለቅሳለች? ጠይብ ይቺን ዋጥ አረጋት።

ማታ ዘይኑዲን ሲመጣ ደሞ የጠይብን ቡናማ ኮት ግጥም አርጎ ለብሶ አየው።

"ኮቴን አውልቅ።"

"የቱን ኮት ጋሼ? እኔ ከዚች ብጫቂ ሸሚዝ ሌላ ምን አለኝ?"

"ዓይኔ እያየ?"

በጥፊ ሊያጮለው ሰነዘረ። ልጁ መቼም ቀልጣፋ ነው፤ ጥፊው በሩን አገኘ። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይሮጣል ወይ ይሳደባል። ዘይኑዲን ግን ድምፁ ሰለለና፣ "ይሁን ጋሼ፤ የርስዎ ነው። ነገ አመጣዋለሁ" አለ።

በቃ። ጠይብ ነገሩን ቋጨው። ፌሮውን ያሳረፈው ይሄ ነው፤ ሚስቱን ፈልጎ ነው። ካራውን ፍራሹ ስር ከተተ። የቀረው እጅ ከፍንጅ መያዝ ብቻ ነው።

የጁምዓ ለት ከሶላት በኋላ ዘይኑዲን መጣ። ጠይብ የተኛ መስሎ ተጋደመ። ሁለቱ በሩ ጋ ሆነው ማውራት ጀመሩ።

"እስከ መቼ እንደብቀዋለን?" አለ ልጁ።

"ተው፣ ይገድለናል።"

"እኔ እነግረዋለሁ። ቢገድልም እኔን ይግደል።"

ጠይብ ዓይኑን ገለጠ። የዘይኑዲን እጅ ሰዓደት ጉንጭ ላይ ነው። እሷም ፈገግ ብላለች።

ተወርውሮ ተነሳ። ድምፁ ወዳለበት ሄዶ ሸሚዙን ጨመደደው፤ ካራውን ሆዱ ውስጥ ሰካው፣ ነቅሎ ደገመው።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ" አለ ዘይኑዲን።

"አውቄሃለሁ" አለና ሠለሰው።

የሰዓደት ጩኸት ጎረቤቱን አወጣው። ጠይብን ሲያስሩት ልጁ ደጃፉ ላይ ነፍሱ ወጥታ ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ ሐምሳ አለቃው መጀመሪያ ሰዓደትን ለብቻዋ ጠርቶ ሐኪሙ የነገራትን ሰማ። ከዚያ ገብቶ ወንበር ስቦ ጠይብ ፊት ተቀመጠ።

"በእርግጥ አየሃቸው?"

"እጁ ጉንጯ ላይ ነበር ጌታዬ። ኮቴን ለብሶ።"

"እኔንስ አሁን ታየኛለህ?" አለ ሐምሳ አለቃው፣ ዝግ ብሎ።

"ያፌዙብኛል እንዴ? ይኸው ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው ሪዝዎን እየጠቀለሉ።"

ፂም አሳድጎ የማያውቀው ሐምሳ አለቃ ከወንበሩ ተነስቶ አጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ሁለት ጣቱን እንደሚወጋ አርጎ እስከ ጠይብ ብሌን ድረስ ሰደደ፤ ሽፋሽፍቱ እርግብ እንኳ አላለም።