ለኳስም ለዜናም የሚሆን

በ1982 ዓ.ም. የሰኔ ወር፣ የዓለም ዋንጫ በተከፈተ ዕለት፣ መምህር ጀምበሩ በአሰበ ተፈሪ ገበያ አጠገብ ወዳለው የመስዑድ ሱቅ ገብተው ቴሌቪዥን ለመግዛት እንደመጡ አስታወቁ። ሐሰት ነበር። የመጡት ኳስ ለማየት ነበር።

ሌላ ሰው ቢዋሸው ተስቆበት የሚታለፍ ነገር ነው። መምህር ጀምበሩ ግን ከጎጃም ተመድበው ከመጡ ወዲህ አርባ አንድ ተማሪ በኩረጃ ይዘው ያስቀጡ፣ «ትንሽ ውሸት የለም» የሚል ጽሑፍ በየክፍሉ ሰሌዳ ራስ ላይ በቀለም ያስጻፉ ሰው ነበሩ። ነገሩ ቢታወቅባቸው በዚያች ከተማ ቀና ብለው የሚሄዱበት መንገድ አይኖርም።

መስዑድ ሁለት ቴሌቪዥኖች ነበሩት፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ካርቶን አልነበራቸውም። ጀርባቸው ላይ በጠመኔ ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ መምህሩ የፋብሪካ ምልክት ነው ብለው አለፉት።

«ምን ዓይነት ነው የሚፈልጉት፣ መምህር?»

«ለኳስም ለዜናም የሚሆን።»

«ሁለቱንም የሚችል ዕቃ እንደ ሁለት ሚስቶች ባል ነው፤ አንዷን ማስከፋቱ አይቀርም» አለች ሻይ የምትቀዳው የመስዑድ ሚስት፣ ረዲያ።

«ስለዚህ ነው መፈተሽ ያለበት» አሉ መምህሩ፤ ወንበርም ጠየቁ።

በመጀመሪያው ምሽት በትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ኳሱ ጅራት እንደሚያወጣ ደረሱበት። በሁለተኛው ምሽት በትንሹ ላይ የዜና አንባቢው ጆሮ ወደ አረንጓዴ ማድላቱን መዘገቡ። ካሜሩን ጎል ስታገባ ከወንበራቸው ዘለው ጮኹ፤ ወዲያው ደግሞ ኮታቸውን አስተካክለው የድምፁን ጥራት መፈተሻቸው እንደሆነ ገለጹ። በየዕረፍቱ እየተነሡ በበሩ ለተኮለኮለው ሰው ትምህርት ይሰጣሉ፦ ለጨዋታ የሚመረጥ የቴሌቪዥን መስኮት ፈጣን፣ ለዜና የሚመረጥ ደግሞ የረጋ መሆን አለበት፤ ሁለቱን ያላመዛዘነ ገዢ ገንዘቡን ወንዝ ውስጥ እንደጣለ ይቆጠራል። ሰዉ ራሱን ይነቀንቃል፤ ዱካውን ይዞ ይመጣል፤ ብስኩት ገዝቶ ይበላል፤ ሻይ ይጠጣል።

መስዑድ አንድም ቀን አልተሰላቸም። ዋጋ እንኳ አንሥቶ አያውቅም። መምህሩም የዚህ አገር ነጋዴ የዋህ ነው ብለው ደመደሙ፤ በመደምደሚያቸውም ኮሩ።

እንቅልፍ የነሳቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የቀበሌው የጥበቃና የንብረት ኃላፊ ሽፈራው። በዚያ ዘመን ያለ ቀበሌ ፈቃድ ሰው መሰብሰብ ያሳስር ነበር። ሽፈራው በሦስተኛው ምሽት ጠመንጃውን አንግቶ ከች አለ።

«ይኼ ምን ስብሰባ ነው?»

«ስብሰባ አይደለም ጓድ ሽፈራው፤ ገዢ ዕቃ እየመረጠ ነው» አለ መስዑድ።

«ገዢው የታለ?»

መምህር ጀምበሩ ተነሡ። «እኔ ነኝ።»

«ይኼ ሁሉ ሰውስ?»

«አማካሪያቸው ነው» አለች ረዲያ።

ሽፈራው መምህሩን ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው፤ ከዚያ ከፊት ተርታ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ አንድ ምሽት አልቀረም። በመጣ ቁጥርም ዓይኑን ሳይነቅል «ዛሬስ ወሰኑ፣ መምህር?» ይላል። መምህሩም ላባቸውን ጠርገው አንድ አዲስ ጉድለት ይፈጥራሉ። ቀለሙ ይደምቃል። ቀለሙ ይደበዝዛል። ከጎን ሲያዩት ሣሩ በረዶ ይመስላል።

በሦስተኛው ሳምንት አብዱረዛቅ የሚባል የሂርና ጫት ነጋዴ ገባና ጥቅል ብር ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ትልቁን አውርድልኝ።»

መምህሩ ከወንበራቸው ተነሡ። የቀሩት ጨዋታዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

«አይሆንም፤ መምህር ቀድመው ይዘውታል» አለ መስዑድ።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ? ወላሂ፣ እኔ ሚስት ስመርጥ እንኳ ሦስት ቀን አልፈጀብኝም!»

«ያስታውቃል» አለች ረዲያ።

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። አብዱረዛቅ እየተራገመ ብሩን ይዞ ወጣ። መስዑድም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ የመምህሩን ብርጭቆ ሞላላቸው።

ያ ሻይ አልወረደላቸውም። ሃያ ቀን ሙሉ ያንቀላፋው ኅሊናቸው በአንድ ብርጭቆ ሻይ ነቃ። ይህ የዋህ ሰው እሳቸውን አምኖ እጁ የገባ ገበያ መለሰ! አርባ አንዱ ተማሪዎች አንድ በአንድ ፊታቸው ላይ ተደቀኑባቸው።

የፍጻሜው ጨዋታ በሚካሄድበት ዕለት፣ በጠዋት፣ ከረባታቸውን አስረው ወደ ሱቁ ሄዱ። ስማቸው ይጥፋ እንጂ እውነቱን ሊናገሩ ቆርጠዋል። ሲገቡ ግን ሽፈራውን ከመስዑድና ከረዲያ ጋር ቁርስ ሲበላ አገኙት። ሊመለሱ አንድ እግራቸውን አነሡ። ከዚያ የሰሌዳው ጽሑፍ ትዝ አላቸው።

«አቶ መስዑድ» አሉ። «እኔ ገዢ አይደለሁም። ከመጀመሪያውም አልነበርሁም። ቴሌቪዥን መግዣም የለኝ። ያታለልሁህ ኳስ ለማየት ብዬ ነው። ጓድ ሽፈራው ይስማ፤ ከተማው ሁሉ ይስማ።»

የመስዑድ እጅ ከጉርሻው ጋር አየር ላይ ቀረ። ረዲያ ወደ ሽፈራው ዞረች። ሽፈራው ቀስ ብሎ ተነሣ፤ በሩን ዘጋ፤ ወደ መምህሩም ጆሮ ተጠጋ።

«እባክዎ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፣ መምህር፤ ቴሌቪዥኖቹን ኳሱ እስኪያልቅ ሻይ እንዲሸጥባቸው ከቀበሌው የኤግዚቢት መጋዘን በድብቅ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ገዢ ካልሆኑ እኛ ሌቦች ነን።»