የኬብሮን ጀርባ

እሑድ ሲመጣ እጆቼን የማደርግበት ይጠፋኛል። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው መብራት ልጆቹን ሳይነካ ከቆዳቸው ሥር ያለውን በምስል ያነሳል፤ ገና ያልወጣ ሽፍታ፣ ገና ያልጠቆረ ሰንበር፣ አንድም አያመልጠውም።

አምና ልጄን ኬብሮንን ጭኗ ላይ ቆንጥጬያት ነበር። እኔም በቁንጥጫ ነው ያደግኩት። በዓይን ምንም አይታይም፤ መብራቱ ግን የሁለት ጣቶቼን ቅርጽ አወጣውና ተጠርቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ፀጉሯን እንኳ ጠበቅ አድርጌ አልጎነጉንም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ «እማዬ፣ ጀርባዬን እከኪልኝ» አለችኝ።

«ይተውሻል፣ ታገሺ።»

«እጄ አይደርስልኝም እኮ።»

ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ዞር ስል የበሩን መቃን ተደግፋ ጀርባዋን ታሻሻለች።

«ተይ፣ ነገ ይታያል» አልኳት። ተወችው።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ወሬ ጀመረች።

«ቲቸር የሁላችንንም ምስል አሳየችን። ናርዶስ ጀርባዋ ላይ እጅ አለ። አምስቱም ጣት ይታያል።»

«ማን መታት?»

«ማንም። እናቷ አቅፋት ነው የምትተኛው። ቲቸርም አልተቆጣችም፣ ሳቀች።»

ቦርሳዋን አወረደችና ሸሚዟን ከኋላ ገልባ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

«የኔ ላይ ምንም የለም» አለች። «እስቲ አንቺም አድርጊልኝ።»