በልጁ ጊታር

«ይጫኑት እንጂ፣ ጋሼ ያረጋል! አይዳብሱት፣ ይጫኑት!»

ውባንች ጣቱን ይዛ የጊታሩ አንገት ላይ አጣበቀችው። ሽቦው ሥጋው ውስጥ ገባ። ያረጋል እጁን መነጨቀና «መሰንቆ እኮ አይጫኑትም!» ብሎ ጮኸባት። ፀጉሩ እስኪሸብት የፈረስ ጭራ በጣቱ ጫፍ ነካ እያደረገ ሰው ሲያስለቅስ የኖረ አዝማሪ ነው። ጭራው እንጨቱን ሳይነካ፣ እዚያው አየር ላይ እንዳለ ይናገርለታል። ይኼ የብረት ጉድ ግን እንደዚያ ሲነኩት ጥርስ እንደሌለው ሽማግሌ ያጉተመትማል። ደግሞ ሽቦው ስድስት ነው። አንዱን ሲፈልግ ሌሎቹ ሳይጠሩ አቤት ይላሉ።

የቀበሌው አዳራሽ ቆርቆሮ በጳጉሜን ፀሐይ ይንጣጣል። ከበሩ ውጪ የዋልካው ጭቃ ገና አልደረቀም፤ ትንኙም አላረፈም። የአብዮቱ በዓል ደርሷል፣ የቀበሌው የኪነት ቡድን ግን ጊታር መቺ የለውም። መቺው የያረጋል ልጅ ማሩ ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ በወጣ ማግስት ጊታሩን አዳራሹ ውስጥ ትቶ ሱዳን ተሻገረ። ሊቀ መንበሩ ቢሻው ያረጋልን አስጠራና «ክር ያው ክር ነው፣ አባትየው ይተካ» አለ። እምቢ ቢል «ልጁን ያሻገርከው አንተ ነህ» እንደሚባል ለመረዳት ያረጋል ነጋሪ አላስፈለገውም።

እናም ተናዷል። በቢሻው ተናዷል፣ በጊታሩ ተናዷል፣ ከሁሉ በላይ በማሩ ተናዷል። መሰንቆን የለማኝ ዕቃ ብሎ የናቀ ልጅ! ሲሄድም እናቱን እንኳ ደህና ሁኚ አላላትም።

«እሱ እንዲህ ነበር የሚይዘው» አለች ውባንች፣ መሀል ጣቱን ወደ ላይ እየገፋች። የኪነቱ ዘፋኝ ናት። ጊታር መትታ አታውቅም፤ ማሩ ጎን ቆማ ስትዘፍን ጣቶቹን አይታ የያዘችውን ነው የምታስተምረው። ማሩ ከአዝመራው በኋላ ወደ ቤተሰቦቿ ሽማግሌ ሊልክ ቃል ገብቶላት ነበር።

«እሱን አታንሽብኝ!»

«እኔስ ላነሳው የምሻ ይመስልዎታል?» ዓይኗ ቀላ። «የሚያስተምርዎት ሌላ ሰው ካለ ይጥሩት።»

ያረጋል ንዴቱን ሁሉ ሰብስቦ ጣቱ ላይ አወረደውና ሽቦውን እንጨቱ ላይ ደፈጠጠው። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ልጁ ምን ሰምቶ ከመሰንቆ ወደ ጊታር እንደሸፈተበት ያኔ ገባው፤ ይኼም ደግሞ አናደደው።

«ይኸውና! ማነው አይችልም ያለው?»

ቢሻው ነው፣ ጫማው ጭቃ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። ከማሩ ጋር ያደገ ጎረምሳ ነው፤ ሊቀ መንበር ከሆነ ወዲህ ያረጋልን «አንተ» ይለዋል።

«አሁን አንድ ነገር ነው የቀረህ። ስለ ከዳተኞች ስንኝ ጨምርበት። ማሩን በስሙ ጥራው፣ ፈሪ በለው። ከገንዳ ውሃ ከተማ እንግዶች ይመጣሉ፤ ከገዛ አባቱ አፍ ይስሙት።»

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ስንኝ እኮ...»

«ስንኝ ጠፋብኝ እንዳትለኝ! ሰሊጥ አጨዳ ላይ ዘገምተኛውን ሁሉ በስሙ እየጠራህ ስትሞልጭ አይደል የምትውል? እኔንም ሰድበኸኛል።»

እውነቱን ነው። ለአጫጆች እየዘፈነ፣ ወደ ኋላ የቀረውን እየሰደበ ነው ያረጋል እንጀራውን የበላው። ለዚህም ነው የፈራው። በመድረክ የሚሰድበውን ስድብ ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጡት የቀን ሠራተኞች ይዘውት ድንበር ይሻገራሉ፤ ማሩ አባቱ እንደካደው ሱዳን ሆኖ ይሰማል፤ ከዚያ ወዲያ ተመለስ ቢሉትም አይመለስም። ማሩን አሁን ቢያገኘው በጥፊ ያጮለው ነበር። ግን ያ የእሱና የልጁ ጉዳይ ነው፣ የቢሻው አይደለም።

«በመሰንቆ ቢሆን እጄም አፌም ለምዶታል» አለ ቀስ ብሎ። «በዚህ ግን ገና ተማሪ ነኝ። አፌን ስከፍት እጄ ይጠፋብኛል።»

«እስቲ ሞክረው።»

አፉን ከፈተ። ጣቶቹ እርስ በርስ ተጠላለፉና ጊታሩ እንደ ወደቀ ድስት ተንኳኳ። ማስመሰል እንኳ አላስፈለገውም። አለማወቁን እንደዚያች ቀን ወዶት አያውቅም።

ቢሻው ወደ ውባንች ዞረ። «እንግዲያው አንቺ በይው። እሱ ይምታ።»

ያረጋል ሰጋ። እሷ ማሩን ብትሰድብ ማን ይፈርድባታል? ውባንች ሊቀ መንበሩን ትክ ብላ አየችው።

«እሳቸው የሚያውቁት አንዱን የበዓሉን መዝሙር ብቻ ነው፤ እሱም ገና አልያዛቸውም። አዲስ ቃል ካስገባሁ ምቱ ይጠፋቸዋል። እንግዶቹ ከሳቁብን በኋላ ግን እኔን እንዳይጠይቁኝ፣ ጓድ።»

ቢሻው አንዴ እሷን፣ አንዴ ጊታሩን አየ። «በሉ መዝሙሩን ብቻ» አለና ዋልካውን እየረገጠ ሄደ።

ኮቴው ራቀ። ከዚያ ውባንች በሩን ዘጋችው።

«ይምቱልኝ» አለች።

«ከአንዱ መዝሙር ሌላ መች አውቃለሁ?»

«እሱኑ።»

መታላት። እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ጀመረች፤ ድምፅዋ የመድረኩ ድምፅ አልነበረም፤

«ፈሪ ነው ልጅዎ፣ ልንገርዎ ደፍሬ፤
ነይ ቢለኝ ምን ነበር፣ እሄድ ነበር አብሬ።»

«ልክ ነሽ» አለ ያረጋል። «ድገሚው።»

ደገመችው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትለው እሱም «ፈሪ ነው» እያለ ተቀበላት፣ አፉ ተከፍቶም ጣቱ ምቱን አልሳተም። አዳራሹ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም።