የአምስት ሴቶች ዋስትና

«ዛሬ እንስራ አንገዛም፣ እናቴ» አለቻት የብድር ሠራተኛዋ፣ ገና በሩ ላይ ስታያት።

«ልሸጥ አይደለም የመጣሁት፤ ለብድሩ ነው።»

ሠራተኛዋ አፍራ ወንበር ሳበችላት። ሴትዮዋ ክረምት ሳይገባ ጎጆዋን ቆርቆሮ ማልበስ ፈልጋለች፤ አምና ዝናቡ ግማሹን አፍርሶባታል። ብድሩ የሚሰጠው ግን እርስ በርስ ዋስ ለሚሆኑ አምስት ሴቶች ነው። በመንደሩ ደግሞ ከሸክላ ሠሪ ጋር ማዕድ የሚቆርስ የለም። አራት ጎረቤቶቿ አምስተኛ ቢያጡ ጊዜ ግን እሷን አስገቧት። አሁንም ተከትለዋት ገቡ።

«መብላት አይደል፣ መፈረም ነው» አለች ዘርፌ የተባለችው ጎረቤቷ። ሁሉም ሳቁ። ሸክላ ሠሪዋም አብራ ሳቀች።

ከአምስቱ መጻፍ የሚችል ስላልነበረ ፊርማው በጣት አሻራ ሆነ። «በዕድሜ እርስዎ ይቅደሙ፣ እናቴ» አለች ሠራተኛዋ። ሴትዮዋ አውራ ጣቷን የማህተም ቀለሙ ላይ ጫን አድርጋ ከስሟ አጠገብ አተመች። ከዚያ ቀለሙን ወደ ዘርፌ ገፋ አደረገችው።

ዘርፌ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ሦስቱም እንደሷ አደረጉ።

«ምነው?» አለች ሠራተኛዋ። ዘርፌ የሸክላ ሠሪዋ ጣት ያረፈበትን ቀለም በአገጯ አመለከተች።

በማግስቱ አራቱ ከሌላ መንደር አንዲት ሴት ይዘው መጡ። ሠራተኛዋ አዲስ ቅጽ ሞላችላቸው፤ ከመሳቢያዋም ማንም ያልነካው የማህተም ቀለም አወጣች።