የደበሳ አርባ ቀን

ደበሳን ውሻ የነከሰው በኅዳር መጨረሻ፣ መቱ ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ነው። ዘበኛ ነበር። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ካፖርት ለብሶ እንደቆመ አንድ የማያውቀው ውሻ መጥቶ ባቱን ዘነጠለው። ሰፈሩ ተሰብስቦ ውሻውን ገደለው፤ ከዚያ ወዲያ ደበሳን ከሩቅ ሆኖ ያየው ጀመር።

ለሚስቱ ለዱሬቲ ያ ሳምንት መከራ የተደራረበበት ነበር። ገና ከሦስት ቀን በፊት አንዲቷ የምትታለብ ላሟ ሞታባታለች። ላሚቱ ሣር እምቢ ብላ ስታቃስት፣ አፏም መገጠም አቅቶት ለሃጯ ሲዝረበረብ፣ ሁሉም በቆሎ አነቃት አሉ። ዱሬቲ እጇን ጉሮሮዋ ድረስ ከትታ ብትፈልግም፣ የላሚቱ ጥርስ እጇን ከመጫሩ በቀር ያገኘችው ነገር የለም። ለላሟ አልቅሳ ሳትጨርስ ባሏን በቃሬዛ አመጡላት።

የክሊኒኩ ድሬሰር አባስ ቁስሉን በሳሙና አጥቦ አጥቦ፣ በጎሬ አውሮፕላን መርፌ አስመጣ። አሥራ አራት መርፌ፣ በየቀኑ አንድ አንድ፣ ሆዱ ላይ።

«እትዬ ዱሬቲ፣ ውሻው ከቤትዎ ሌላ ሰው ነክሷል?»

«ኧረ የለም!»

«በደንብ ያስቡ። መርፌው የሚሠራው የእብድ ውሻ በሽታው ሳይነሳ ነው። ውኃ ሲያዩ ጉሮሮ መታነቅ ከጀመረ እኔም የለሁበት። ምራቁ ነው መርዙ።»

«እሱን ብቻ ነው የነከሰው።»

እቤቷ ገብታ የባሏን መጠጫ ከሌላው ዕቃ ለየች።

ጎረቤቷ ዘውደነሽ መርፌ ብቻውን ይበቃል ብላ አታምንም። ኖፓ ካሉት ከመድኃኒት አዋቂው ከአባ ያደታ ዘንድ ተቀጥቅጦ የሚጠጣ ሥር አስመጣች። የሥሩ ሕግ የታወቀ ነው፦ የጠጣ ሰው አርባ ቀን ወንዝ አይሻገርም፤ በአርባኛው ቀን ሰው ፊት ከወንዝ ይጠጣል፤ ከጠጣ ድኗል። አባስ ሲነግሩት ሳቀ። «መርፌውን አያቋርጥብኝ እንጂ ሥሩንም ግንዱንም ይጠጣ» አለ።

ከዚያ በኋላ የሶርን ወንዝ ተሻግሮ ገበያ መሄዱ፣ እህል መሸከሙ የዱሬቲ ሆነ። የቀረውን ጊዜዋን ባሏን በመጠበቅ አሳለፈችው።

«አባ ኩማ፣ ውኃ ላምጣልዎት?» ትለዋለች ባሏን በማክበሪያ ስሙ።

«አሁን ጠጣሁ እኮ!»

«ይድገሙ።»

«በበሽታው ባልሞት በውኃው ትገድይኛለሽ» ይላል ደበሳ እየሳቀ።

እሷ አትስቅም። አታለቅስምም። ፍርሃቱም እንባውም አልቆባት ነበር። አንዱን ቀን ታስመሽና ሌላውን ትጀምራለች፤ በቃ። ሃያ ዓመት አብራው ኖራለች፤ ያለ እሱ መኖርን ልታስበው ስትሞክር ጭንቅላቷ ባዶ ይሆንባታል።

ጥር ገባ። መርፌው ካለቀ ሰንብቷል፣ ቁስሉም ጠግጓል። በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ግን ደበሳ ውኃ ሲጠጣ ትን አለው። ዱሬቲ ክው ብላ ቀረች። ሳሉ እስኪበርድለት፣ ደግሞም ጭልጥ አድርጎ እስኪጨርስ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

ያን ዕለትና በማግስቱ እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም። ምግብ አስጠላት። እህል የተሸከመችበት ክንዷ ይደነዝዛታል፣ ይነዝራታል።

«ሐሳብ ጨረሰሽ እኮ!» አለቻት ዘውደነሽ። «ነገ እኮ ነው። ቻይው።»

በአርባኛው ቀን ጠዋት ሰፈሩ ተከትሏቸው ሶር ወረደ። አባስም ሥራውን ትቶ መጣ። ከወንዙ የሚነሳው ነፋስ ፊቷን በነካት ቁጥር ዱሬቲ ሽምቅቅ ትላለች፤ በነጠላዋ ተሸፋፍና ዓይኗን ባሏ ላይ ተከለች። ውኃው ዘንድ ሲደርስ ቢመለስስ? ቢጮህስ?

ደበሳ ካፖርቱን አወለቀ፣ ተንበረከከ፣ በሁለት እጁ ዘግኖ ጠጣ።

ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

ደገመ። ሠለሰ። ከዚያ ፊቱን ታጥቦ ጢሙ እየተንጠባጠበ ዞረ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ዘውደነሽ መሬት ሳመች። አባስ የደበሳን ትከሻ ይዞ «ጋሼ ደበሳ፣ እንኳን አተረፈዎት!» አለ። ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የዱሬቲ ልብ ደስ አለው፤ እንባዋም መጣ።

ደበሳ ከአንዷ ሴት ቅል ተቀብሎ ከወንዙ ቀዳና ወደ ሚስቱ መጣ።

«ዱሬ፣ አርባ ቀን ሙሉ ስታጠጪኝ ከረምሽ። ዛሬ ደግሞ እኔ ላጠጣሽ።»

ዱሬቲ እየሳቀች፣ የላሚቱ ጥርስ በጫረው እጇ ቅሉን ወደ አፏ አስጠጋች፤ ውኃው ከንፈሯን ሳይነካ ጉሮሮዋ ተቆለፈ።